ስሙ ሄደ፣ ፓኩ ቀረ፦ የፊፋ ጌም ውዝግብ ሥሩ የት ነው?

የፊፋን ጌም ሲሠራ የኖረው ኤሌክትሮኒክ አርትስ፣ በአጭሩ ኢኤ፣ የሳዑዲ የመንግሥት ፈንድ ላለበት የገዢዎች ቡድን በ55 ቢሊዮን ዶላር ሊሸጥ መስማማቱን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2025 ሲያስታውቅ ሦስት ወሬዎች አንድ ላይ ተወሳሰቡ። አንዱ "የፊፋ ጌም ለሳዑዲ ተሸጠ" ይላል። ሌላው "የፊፋ ጌም እኮ ከቀረ ቆየ" ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ "ፊፋ አሁን ከኮናሚ ጋር ነው" ይላል፤ ኮናሚ የኢኤ ተፎካካሪ ጌም ሠሪ ነው። ሦስቱም ከእውነት ቁራጭ ይዘዋል፤ አንዳቸውም ግን ሙሉውን አልያዙም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ጌሙን እንደ አንድ ወጥ ዕቃ ከማየት ነው። በሽፋኑ ላይ የነበረው ስም የአንድ ወገን ነው። በውስጡ ያሉትን ተጫዋቾችና ክለቦች የመጠቀም ፈቃድ የሌሎች ብዙ ወገኖች ነው። ትልቁን ገንዘብ የሚያመጣው፣ ፓክ የሚባል የተጫዋች ካርዶች እሽግ የሚከፈትበት አልቲሜት ቲም የተባለው ክፍል ደግሞ ሙሉ በሙሉ የኢኤ ነው። ስሙ ብዙ ተወርቶለታል፤ ለተጫዋቹ ኪስ ትርጉም ያለው ግን የመጨረሻው ነው።

ስሙ ምን ያህል ዋጋ ነበረው?

የመጀመሪያው ዕትም "ፊፋ ኢንተርናሽናል ሶከር" በ1993 መጨረሻ ለሴጋ ሜጋ ድራይቭ ወጣ። የዚያ ዘመን የእግር ኳስ ጌሞች ሜዳውን ከአናት ወይም ከጎን ብቻ ያሳዩ ስለነበር፣ ይሄኛው በሰያፍ ማሳየቱ ትልቅ ለውጥ ሆኖ ታየ። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ስም በሽፋኑ ላይ ቢኖርም በሜዳው ላይ የነበሩት ስሞች ግን የፈጠራ ነበሩ። የብራዚልን ፊት መስመር ይመራ የነበረው ያንኮ ቲያኖ የተባለ፣ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ነው። እውነተኛ የተጫዋቾች ስም የገባው ከፊፋ 96 ጀምሮ ሲሆን፣ ያም የመጣው ከፊፋ ሳይሆን የተጫዋቾች ማኅበራት ዓለም አቀፍ ኅብረት ከሆነው ፊፍፕሮ ነው።

ይህን ልብ ማለት የ2022ቱን መለያየት ለመረዳት ይጠቅማል። ኢኤ ለፊፋ ይከፍል የነበረው ለስሙ፣ ለዓርማውና ለዓለም ዋንጫ ነበር። በ2021 መገናኛ ብዙኃን እንደዘገቡት ክፍያው በዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ፊፋ ግን ለእያንዳንዱ የአራት ዓመት የዓለም ዋንጫ ዑደት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀ። ጭቅጭቁ በገንዘብ ብቻ አላበቃም። ኢኤ ስሙን በጌም ውድድሮች፣ በጨዋታ ቅንጭቦችና በሌሎች ዲጂታል ምርቶች ላይም ሊጠቀምበት ፈለገ፤ ፊፋ ደግሞ እነዚህን ለሌሎች መሸጥ ፈለገ።

ሜይ 10 ቀን 2022 መለያየታቸው ይፋ ሆነ። ፊፋ 23 በስሙ የወጣ የመጨረሻው ዕትም ነው። በሴፕቴምበር 2023 የተካው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ሲሆን፣ ሠሪዎቹም፣ ሊጎቹም፣ ክለቦቹም ያው የቀድሞዎቹ ነበሩ። በእርግጥ የጠፋው የዓለም ዋንጫ ነው። የአውሮፓ ዋንጫ የዩኤፋ ንብረት ስለሆነ በ2024 በኤፍሲ 24 ውስጥ ሲገባ ፊፋን ማስፈቀድ አላስፈለገም። ፊፋ በበኩሉ በኦክቶበር 2024 ከኢኤ ተቀናቃኝ ከኮናሚ ጋር ለኤሌክትሮኒክ የዓለም ዋንጫ ተስማማ። "ፊፋ ከኮናሚ ጋር ነው" የሚለው ወሬ የመነጨው ከዚህ ነው፤ ኮናሚ ግን ፊፋ የሚባል ጌም አልሠራም፤ ውድድሩ የተካሄደው በራሱ ጌም በኢፉትቦል ላይ ነው።

በፈቃድ የተጣፈ ሜዳ

ኢኤ በኤፍሲ 24 ከ19,000 በላይ ተጫዋቾች፣ ከ700 በላይ ቡድኖችና ከ30 በላይ ሊጎች እንዳሉት ገልጿል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ከ300 በሚበልጡ የተለያዩ ስምምነቶች ነው። ላይሰንስ የሚባለው ይኸው የመጠቀም ፈቃድ በድርብርብ ይገዛል። የተጫዋቹ ስምና መልክ አንድ ነው፤ የክለቡ ስም፣ ማሊያና ዓርማ ሌላ ነው፤ ሊጉም ስታዲየሙም የየራሳቸው አላቸው። ከድርቡ አንዱ ሲጎድል በጌሙ ላይ ወዲያው ይታያል።

ጁቬንቱስ በ2019 ከኮናሚ ጋር ብቻ ለመሥራት ሲፈርም በፊፋ 20 "ፒየሞንቴ ካልቾ" ሆነ። ተጫዋቾቹ በእውነተኛ ስማቸው ነበሩ፤ ማሊያውና ዓርማው ግን የፈጠራ ነበር። በኤፍሲ 25 ደግሞ ኢንተር "ሎምባርዲያ ኤፍሲ"፣ ኤሲ ሚላን "ሚላኖ ኤፍሲ" ተብለዋል። በብራዚል ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ክለቡ ትክክለኛ ሆኖ ተጫዋቾቹ የፈጠራ ስም ይይዛሉ። በዚያ አገር የመልክ መብት የግለሰቡ ስለሆነ ማኅበር በጅምላ ሊሸጠው አይችልም፤ ብዙ የብራዚል ተጫዋቾችም መልካችን ያለፈቃዳችን ገብቷል ብለው ኢኤን ከሰዋል።

ዝላታን ኢብራሂሞቪች በኖቬምበር 2020 "ስሜንና ፊቴን እንዲጠቀሙ ማን ፈቀደላቸው?" የሚል ይዘት ያለው መልእክት ሲጽፍ ጋሬዝ ቤል ተከተለው። ኢኤ ፈቃዱን ከፊፍፕሮና ከክለቡ ከኤሲ ሚላን ማግኘቱን መለሰ። በሕግ ዓይን ሁለቱም ወገን የሚይዘው ነገር አለው። የጅምላ ፈቃድ ባይኖር አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሰው አንድ በአንድ ማስፈረም አይቻልም። በሌላ በኩል የአገሩ ማኅበር አባል ያልሆነ ወይም አባል መሆኑን እንኳ የማያውቅ ተጫዋች፣ መብቱ በማን በኩል እንደተሸጠ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ፈቃዱ ብቸኛ ሲሆን ደግሞ የገበያ ጥያቄ ይነሳል። የኮናሚው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር ለዓመታት ማንቸስተር ዩናይትድን በመሰሉ ክለቦች ፈንታ "ማን ሬድ" የመሰሉ ስሞችን ለመጠቀም ተገድዶ ነበር፤ ብዙዎች የጌሙን መዳከም ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ነገሩ ግን ግማሽ እውነት ነው። በሴፕቴምበር 2021 ተተኪው ኢፉትቦል 2022 በነፃ ሲለቀቅ የተጫዋቾች ፊት ተዛብቶ፣ እንቅስቃሴው ተሰባብሮ ወጣ፤ በስቲም መደብር ላይ ከሁሉ የከፋ የተጠቃሚ ግምገማ ካላቸው ጌሞች ተርታ ገባ። ይህ ውድቀት ግን ከፈቃድ መከልከል የመጣ አይደለም።

አልቲሜት ቲም፦ ፓክ እንዴት ይሠራል?

በማርች 2009 ለፊፋ 09 እንደ ተጨማሪ ክፍል የወጣው አልቲሜት ቲም ከወረቀት የተጫዋች ካርድ የተወሰደ ሐሳብ ነው። ተጠቃሚው ካርዶችን እየሰበሰበ የራሱን ቡድን ያቋቁማል። ነጥባቸው እስከ 64 ያሉት ነሐስ፣ ከ65 እስከ 74 ብር፣ ከ75 በላይ ወርቅ ይባላሉ። ካርድ የሚገኘው በሦስት መንገድ ነው፦ በጨዋታና በውድድር ሽልማት፣ ከሌሎች ተጠቃሚዎች ጋር በሚደረግ የዝውውር ገበያ፣ ወይም ፓክ በመክፈት። ፓክ ውስጡ ሳይታይ የሚከፈት እሽግ ነው፤ በጌም ዓለም "ሉት ቦክስ" የሚባለው የዚህ ዓይነቱ ነገር ጠቅላላ መጠሪያ ነው፤ ከፍለህ ታገኘዋለህ፣ ምን እንደከፈልክበት ግን የምታውቀው ከከፈትክ በኋላ ነው።

ሁለት መክፈያዎች አሉ። ኮይን በጨዋታ ይገኛል። ፖይንት በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። ለምሳሌ ፕሪሚየም ወርቅ ፓክ ለረጅም ጊዜ 7,500 ኮይን ወይም 150 ፖይንት ሲያወጣ ቆይቷል፤ በውስጡ 12 ዕቃ፣ ከእነሱም 3 ብርቅ አሉ። ትልቁ የፖይንት ጥቅል በፊፋ 22 12,000 ፖይንት በ100 ዶላር ነበር። ስለዚህ አንድ ፕሪሚየም ወርቅ ፓክ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገደማ ያስወጣል። በዚህ ዋጋ ማንም አይደነግጥም፤ አሠራሩም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

የዕድሉ ቁጥር ከፊፋ 19 ጀምሮ በፓኩ ላይ ይጻፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አነባበቡ ላይ ነው። ከመቶ 1 ተብሎ የተጻፈ ዕድል "መቶ ፓክ ከከፈትኩ አንዱ አይቀርም" ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ፓክ ያለፈውን አያስታውስም። መቶ ፓክ ከፍቶ ምንም ያለማግኘት ዕድሉ ከመቶ 37 ገደማ ነው፤ ይህን ወደ 5 ለማውረድ 300 ያህል ፓክ መክፈት ያስፈልጋል። ከላይ ባለው ዋጋ 300 ፓክ 375 ዶላር ነው።

ይህም ቢሆን የዋህ ስሌት ነው። በጣም ተፈላጊዎቹ ካርዶች የሚመደቡት "ከመቶ 1 በታች" በሚል ጥቅል መግለጫ ሥር ነበር። ከመቶ 0.9ም ሆነ 0.01 በዚያ ሐረግ ውስጥ ይገባሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ዘጠና እጥፍ ነው። በተጨማሪም ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ምድብ እንጂ ስለ አንድ ተጫዋች አይደለም። "ነጥቡ 84 እና ከዚያ በላይ" በሚል ምድብ ውስጥ ብዙ ተጫዋቾች ስላሉ፣ የሚፈለገውን አንዱን የማግኘት ዕድል ከተጻፈው እጅግ ያንሳል። ተጠቃሚው የሚያልመው አንድ ስም ነው፤ የሚነገረው ግን የምድቡ ዕድል ነው።

ከዚያ የጊዜ ጉዳይ ይመጣል። በየሳምንቱ በሚወጡ ልዩ ካርዶች ምክንያት በኦክቶበር ውድ የነበረ ካርድ በጃንዋሪ ተራ ይሆናል። በሴፕቴምበር አዲስ ዕትም ሲወጣ ደግሞ ቡድኑ በሙሉ ከባዶ ይጀመራል። ሰው የገዛው ካርድ ሳይሆን የጥቂት ወራት ኪራይ ነው ቢባል ያስኬዳል።

የኮይን ጥቁር ገበያ የበቀለውም ከዚህ ነው። በገበያው ላይ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 5 በመቶ ይቆረጣል፤ 100,000 የሸጠ 95,000 ይቀበላል። ኮይን በቀጥታ መላክ ስለማይቻል፣ ኮይን ገዢው ዋጋ ቢስ የነሐስ ካርድ በውድ ለሽያጭ ያቀርባል፤ የውጪ ኮይን ሻጭ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ያንን ካርድ ይገዛዋል፤ ኮይኑም በዚህ ይተላለፋል። ኢኤ በማርች 2015 ለእያንዳንዱ ካርድ ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋ የወሰነው ይህንን ለመዝጋት ነው። ጉዳቱ በታማኝ ነጋዴዎችም ላይ ወደቀ፤ ከጣሪያው በላይ የሚያወጣ ካርድ ከገበያ ጠፋ። ከውጭ ኮይን የገዛ ሰው አካውንቱ ቢዘጋ ገንዘቡን የሚመልስለት የለም።

ቁማር ነው ወይስ አይደለም?

ጉዳዩ ወደ መንግሥታት ጠረጴዛ የደረሰው በኖቬምበር 2017 ነው፤ የዚያው ኩባንያ ሌላ ጌም፣ ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2፣ በሉት ቦክሱ ምክንያት ትልቅ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ኢኤም ጌሙ ሊለቀቅ ሰዓታት ሲቀሩት በጌሙ ውስጥ በእውነተኛ ገንዘብ የሚደረገውን ግዢ ለጊዜው አቆመ። ከዚያ በኋላ አገሮች ወደ አንድ ፓክ እያዩ ለየቅል ፈረዱ። ልዩነቱ "ሽልማት" የሚለውን ቃል ከመፍታት የመጣ ነው።

የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በኤፕሪል 2018 ከመረመራቸው አራት ጌሞች ፊፋ 18ን ጨምሮ የሦስቱ ሉት ቦክስ ሕግ ይጥሳል አለ። በእነሱ አመለካከት ጨዋታ፣ የተከፈለ ገንዘብ፣ ዕድል፣ ትርፍ ወይም ኪሳራ ካሉ ይበቃል፤ ካርዱ በገንዘብ ባይመነዘርም ተጫዋቹ ዋጋ ሰጥቶታል። ኢኤ መጀመሪያ ተከራከረ፤ በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ግን በቤልጂየም ፖይንት መሸጥ አቆመ። ፓኮቹ አልጠፉም፤ በኮይን ይከፈታሉ።

ኔዘርላንድስ ከዚህ ተነስታ ተቃራኒ መድረሻ ላይ ደረሰች። የቁማር ተቆጣጣሪው በኢኤና በስዊዘርላንድ ባለው እህት ኩባንያው ላይ እያንዳንዳቸው እስከ 5 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ ቅጣት ጣለ። በማርች 2022 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሰረዘው። ምክንያቱ ፓክ ለብቻው የቆመ የዕድል ጨዋታ አይደለም፤ ክህሎት የሚጠይቅ የትልቅ ጨዋታ አካል ነው የሚል ነው።

በብሪታንያ የቁማር ሕግ ሽልማቱ ገንዘብ ወይም የገንዘብ ዋጋ ያለው መሆን አለበት ይላል። በሕጋዊ መንገድ ካርድን ወደ ገንዘብ መመንዘር ስለማይቻል ፓክ ከሕጉ ውጭ ይሆናል። የሚገርመው በ2017 በዚያው ሕግ ሁለት ሰዎች የተቀጡት በፊፋ ኮይን የሚቆመርበት የውጪ ድረ ገጽ በማካሄዳቸው ነው፤ ምንዛሪው በጓሮ በር ይካሄድ እንደነበር ፍርድ ቤቱም አይቷል። በ2019 የኢኤ ተወካይ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ፓክን "ሰርፕራይዝ መካኒክስ"፣ ማለትም የድንገቴ አሠራር፣ ብለው ሲጠሩት ቃሉ መቀለጃ ሆነ። ኮሚቴው ሉት ቦክስ በቁማር ሕግ እንዲገዛ መከረ፤ መንግሥት ግን በ2022 ሕግ ከማውጣት ይልቅ ኩባንያዎቹ ራሳቸውን እንዲያርሙ መረጠ።

ሌሎች አገሮች ቁማር ነው አይደለም የሚለውን ትተው በዕድሜ ምደባ በኩል መጡ። ጀርመን ኤፍሲ 24ን ከ12 ዓመት ጀምሮ ብላ መደበችው፤ በአብዛኛው አውሮፓ ያው ጌም ከ3 ዓመት ጀምሮ ነው። በአውስትራሊያ ከሴፕቴምበር 22 ቀን 2024 በኋላ የተመደቡ የሚከፈልበት ሉት ቦክስ ያላቸው ጌሞች ቢያንስ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉት የሚመከር ደረጃ ያገኛሉ። ይህ መንገድ ከፍርድ ቤት ሙግቱ ይልቅ ሥራ የሚሠራ ይመስላል፤ ወላጅ ከመግዛቱ በፊት የሚያየው የሽፋኑን ቁጥር ነው።

ኢኤ በመከላከያነት የሚያነሳው ሁለት ቁጥር አለ፦ በፊፋ 21 ከተከፈቱት ፓኮች ከአሥሩ ዘጠኙ በኮይን የተገኙ ናቸው፣ 78 በመቶ ተጫዋቾችም ምንም አልከፈሉም። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው ብንል እንኳ ወደ ሌላ ጥያቄ ያመራሉ። በማርች 2021 በተጠናቀቀው የሒሳብ ዓመት ኢኤ ከአልቲሜት ቲም 1.62 ቢሊዮን ዶላር አግኝቷል፤ ከጠቅላላ ገቢው 29 በመቶ ነው። ገቢው የአሜሪካ ፉትቦልና የሆኪ ጌሞቹንም ይጨምራል፣ ዋናው ድርሻ ግን የፊፋ ነው። አብዛኛው ካልከፈለ ገንዘቡ የመጣው ከጥቂቶች ነው፤ የጥቂቶቹ ድርሻ ደግሞ ከአማካዩ በጣም ይርቃል ማለት ነው።

ልጅ ላለው ሰው የሚሠራው መከላከያ በጌሙ ውስጥ ሳይሆን በኮንሶሉ ላይ ያለው ነው። ለልጁ የተለየ የቤተሰብ አካውንት መክፈት፣ ወርኃዊ የወጪ ጣሪያውን ዜሮ ማድረግ፣ የባንክ ካርዱን በልጁ አካውንት ላይ አለማስቀመጥ፣ ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል መጠየቅ። በኖቬምበር 2020 የገባው "ፕሌይታይም" በሳምንት የሚከፈቱ ፓኮችንና የሚገዛ ፖይንትን ይገድባል፤ ገደቡን ግን ተጠቃሚው ራሱ ስለሚያነሳው ለትንሽ ልጅ ብቻውን አይበቃም።

"ጌሙ ራሱ እንድሸነፍ ያደርገኛል"

ሞመንተም ወይም ስክሪፕቲንግ የሚባለው ክስ ከሁሉም ክሶች ዕድሜ ጠገቡ ነው፦ በድብቅ የሚሠራ ቀመር መሪውን ያዳክማል፣ ተሸናፊው በ90ኛው ደቂቃ እንዲያገባ ያግዛል፣ ዓላማውም ፓክ ማስገዛት ነው ይላል። ከምንም የመጣ ጥርጣሬ አይደለም። የኢኤ ተመራማሪዎች ስለ ጨዋታ ክብደት በራስ ሰር መለዋወጥ በ2017 ጥናት አቅርበዋል፤ ኩባንያውም በጉዳዩ ላይ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። በኖቬምበር 2020 በካሊፎርኒያ ክስ ተመሠረተ፤ ኢኤ ለከሳሾቹ ቴክኒካዊ ዝርዝር ካሳየና መሐንዲሶቹን ካገናኘ በኋላ ክሱ ተነሳ። ኢኤ ቀመሩን በአልቲሜት ቲም ጨርሶ እንደማይጠቀም ይናገራል።

ለስሜቱ ግን ቀለል ያለ ማብራሪያ አለ። ጨዋታው በሰከንድ 60 ምስል ሲሄድ አንድ ምስል 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቆያል። ቁልፍ ከተጫነ ጀምሮ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ 100 ሚሊሰከንድ ከፈጀ ተጫዋቹ ስድስት ምስል ዘግይቷል፤ ተከላካዩ "እንደ ሸክም" የሚከብደው ያኔ ነው። ዋይፋይ ላይ መዘግየቱ በአንድ ግጥሚያ ውስጥ እንኳ ስለሚለዋወጥ መጀመሪያ ቀላል የነበረው ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ይከብዳል። ኬብል መጠቀም፣ ቴሌቪዥኑን ወደ ጌም ሞድ መቀየር፣ ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት የግንኙነቱን ጥራት ማየት ብዙውን ያስተካክላል። የቀረው የተጫዋቾች ድካምና በየምቱ ላይ ያለ የዕድል ስሌት ነው። ያም ሆኖ፣ ፓክ የሚሸጥ ኩባንያ የክብደት ማስተካከያ ፈጠራ ካስመዘገበ በኋላ "እመኑኝ" ማለቱ ብቻ ጥርጣሬውን አያጠፋውም።

እምነቱን ከውስጥ የሸረሸረው ሌላ ጉዳይ ነው። በማርች 2021 አይከን የሚባሉት ብርቅ የቀድሞ ኮከቦች ካርዶች ከኩባንያው ውስጥ በመቶዎችና ከዚያ በላይ በሚቆጠር ዩሮ በግል ሲሸጡ እንደነበር የሚያሳዩ መልእክቶች ወጡ። ኢኤ ምርመራ ከፍቶ ካርድ በእጅ የመስጠትን አሠራር አገደ። አንዱ በ1,000 ፓክ ያላገኘውን ሌላው ከበስተጀርባ በአንድ መልእክት ያገኘው ነበር። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ አታላዮች የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞችን አሳምነው ከ50 ያነሱ የታዋቂ ተጫዋቾችን አካውንት ወሰዱ፤ ባለቤቶቹ የይለፍ ቃላቸውን ለማንም አልሰጡም ነበር።

ገዢዎቹ ምን ይለውጡ ይሆን?

ከ55 ቢሊዮን ዶላሩ 20 ቢሊዮኑ ብድር ነው። ወለዱ የሚከፈለው ከኩባንያው ገቢ ስለሆነ፣ ተቺዎች ፈጣኑ መንገድ ፓክ ማብዛት ነው ብለው ይሰጋሉ። ተቃራኒው ክርክር፣ ከአክሲዮን ገበያ የወጣ ኩባንያ በየሩብ ዓመቱ ባለአክሲዮን ማስደሰት ስለማይጠበቅበት ለጥራት ጊዜ ያገኛል የሚል ነው። ሁለቱም ገና ግምት ናቸው። እርግጡ ሌላ ነው፤ 1.62 ቢሊዮን የሚለውን ቁጥር ያወቅነው ኢኤ ለባለአክሲዮኖች ሪፖርት የማውጣት ግዴታ ስለነበረበት ነው፤ ከአክሲዮን ገበያ ሲወጣ ያ መስኮት ይጠባል። የሳዑዲው ፈንድ የኒውካስል ዩናይትድ ዋና ባለቤትም ስለሆነ፣ በጌሙ የአንድ ኒውካስል ተጫዋች ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር የሚነሳውን ሐሜት ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

የአዲሶቹን ባለቤቶች ሐሳብ ለማወቅ ከመግለጫቸው ይልቅ አንድ ቁልፍ ማየት ይሻላል። በጁን 2021 ኢኤ "ፕሪቪው ፓክ" የተባለ ነገር ሞከረ፤ ተጠቃሚው ከመክፈሉ በፊት በውስጡ ያለውን ያያል፣ ካልወደደው ይተወዋል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ሌላ ይቀርብለታል። በዚህ አሠራር የቤልጂየም ኮሚሽን ካነሳቸው ነጥቦች ዋናው፣ ሳያዩ መክፈል፣ ይወድቃል። ቴክኒኩ ተሠርቷል፣ በሚሊዮኖች ላይ ተሞክሯል። ለሁሉም ፓክ ግን አልተደረገም፤ ዝግ ሆኖ የሚሸጠው ፓክ ዛሬም ከጎኑ አለ።